በሞቴ ያልተባለበት ገበታ

አማቴ ሰማንያ ዓመት እንደሞላቸው የተወሰነው በስልክ ነው። እርሳቸው የሚያውቁት ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን መወለዳቸውን ብቻ ሲሆን፣ ውጭ አገር የምትኖረው የመጨረሻ ልጃቸው ግን ዕለቱን ከነወሩ ወስና፣ የሁለት ሌሊት የመኝታ ዋጋ ልካ፣ በአንኮበር አካባቢ ገደል አፋፍ ላይ ከተሠራ፣ ስሙን ከማልጠራው የቅንጦት ሎጅ ሁለት ጎጆ አስያዘችልን። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው መንገድ አማቴን ያስጨነቃቸው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ የማን ልጅ እንደሆነ ሳያውቁ ቤቱ ሊያድሩ መሆኑ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ከመንዝ ድረስ ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በጉልበታቸው ላይ ይዘው ነበር።

እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ በሁለት እጇ ተቀበለችና፣ ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ በትሕትና አስረድታ፣ ዳቦው ላይ ቁጥር ለጥፋ መደርደሪያ ላይ አኖረችው። አማቴ ግን የሰሙት «ተቀብያለሁ» የሚለውን ብቻ ስለነበር መረቋት። የጎጆውን የሣር ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳና መደብ ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላም፣ «ምስኪኖች፣ ቆርቆሮ ገና አልደረሳቸውም?» ብለው አዘኑ።

ችግሩ የጀመረው ራት ላይ ነው። በእኛ አገር እንግዳ መጀመሪያ ይጠግባል፣ ከዚያ በኋላ ይበላል። ምግብ ሲቀርብለት «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ ሁለተኛ ሲለመን «በእግዜር፣ በቃኝ» ይላል፤ ሦስተኛ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ሲባል ግን ለራሱ ሳይሆን ለአስተናጋጁ ዕድሜ አዝኖ፣ እያመነታ እጁን ይሰዳል። ይህ ሥርዓት የሚሠራው ታዲያ ሁለቱም ወገኖች ሲያውቁት ነው። የሎጁ አስተናጋጅ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሸንቃጣ ወጣት፣ የሠለጠነው የእንግዳን ፍላጎት እንዲያከብር ነበር። የበግ ጥብሱን ከነሸክላው ሲያቀርብ አማቴ እንደ ወጉ «ጠግቤያለሁ ልጄ» አሉት፤ እርሱም «እሺ እማማ» ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጥብሱን አንሥቶ ሄደ።

አማቴ ሸክላው የሄደበትን በር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ባለቤቴም የእናቷ ልጅ ናትና ሾርባውን በዚሁ መንገድ ሸኘችው። እኔ ደግሞ አማት ሳይበሉ የሚበላ አማች ተብዬ እስከ መርሐቤቴ እንዳልወራ ፈርቼ፣ የሚጣፍጥ ሽታ ያለውን ሁሉ «በቃኝ» እያልኩ አሳለፍኩ። የልደት ኬኩ ሲመጣ ሻማዎቹን እፍ ብለው እንዲያጠፉ ተጠየቁ፤ «ጧፍ ይበራል እንጂ ይጠፋል?» ብለው እምቢ በማለታቸው ሰማንያው ሻማ በክሬሙ ላይ ቀልጦ አለቀ፤ ኬኩም ተነሣ። በዚያች ሌሊት የሎጁን ዋጋ ለሦስት ከፋፍዬ እያሰላሁ፣ አማቴ ከቀሚሳቸው ሥር አሳልፈው ያስገቡትን በሶ በነጻ በቀረበው የታሸገ ውኃ በጥብጠን ጠጣን።

በነገራችን ላይ፣ ይህ አገር እንግዳ መቀበል ከሎጅ የተማረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 ከቦምቤይ የመጣውን የእንግሊዝ ልዑክ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀብለው ድርጎ አስቆርጠውለት፣ የዕለት ስንቁ ከቤተ መንግሥት ይሄድለት ነበር። እውነቱን ለመናገር ልዑኩም ባዶ እጁን አልመጣም፤ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ጠመንጃው ላይ ቁጥር ተለጥፎ መደርደሪያ ላይ ስለመቀመጡ ግን የተጻፈ ነገር አላነበብኩም።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ አማቴ ትዕግሥታቸው አልቆ ወጣቱን «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። አባቱን ጠራ፤ አያቱን ጠራ፤ እናቱ በእናቷ በኩል ከመንዝ መሆኗ ሲታወቅ አማቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ታዲያ የመንዝ ሰው ሳይለምን ምግብ ያነሣል?» ብለው ጮኹበት። ልጁ ጓንቱን አወለቀ። ዙሪያውን ቃኘና፣ በሥልጠናው ላይ ባልነበረ ድምፅ፣ «እማማ፣ አፈር ስሆን፣ በሞቴ!» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመቁጠር ያስቸግራል፤ ቂንጬው ተደገመ፣ እንቁላሉ ተሠለሰ፣ እኔም በአማች ወግ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ የሁለት ቀን ዕዳዬን ከፈልኩ።

ሂሳቡ ሲመጣ እያንዳንዱ «በሞቴ» በየተራው ተመዝግቦ፣ 10 በመቶ የአገልግሎትና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተደምሮበት ነበር። ባለቤቴ የእኅቷን ስልክ ስትሞክር፣ እንግዳ ተቀባይዋ ድፎ ዳቦውን ከነቁጥሩ፣ ሳይነካ መለሰችልን።

«አልቀመሱትም?» አሉ አማቴ። ያመጡትን መልሰው ይዘው ከሚሄዱ ቢሞቱ ይሻላቸዋልና፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ጨርቁን ፈተው ቆርሰው ለወጣቱ አጎረሱት። «ሥራ ላይ ነኝ እማማ፣ በቃኝ» አለ። አማቴ እጃቸውን አልመለሱም። እኔ ስለ ሦስተኛው እንቁላል ከገንዘብ ያዡ ጋር ስከራከር፣ ልጁ ደረሰኜን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሙሉ አፉ ሁለተኛውን ጉርሻ እየተለመነ ነበር።