ወንበሩን ማን እንደሚወርሰው አትጠይቁኝ፤ መጀመሪያ ልተኛ

ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከሆስፒታል ወጥቼ፣ በረዶ የጋገረውን መንገድ እየፈራሁ ነድቼ፣ ጎኔን ካሳረፍኩ 2 ሰዓት እንኳን አልሞላኝም ነበር። ደንግጬ ነው የተነሳሁት፤ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ማንኳኳት ለእኔ ዛሬም መርዶ ነው፣ ይህ አመል ውቅያኖስ ተሻግሬም አልለቀቀኝም። በሩን ስከፍት ጉንጯ በብርድ የቀላ አንዲት ወጣት ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ፈገግ ብላ፣ የምርጫ ክልላችን ተወካይ ዶን ቤከን በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በሚለቁት ወንበር ላይ ማን ቢቀመጥ እንደምመርጥ ጠየቀችኝ።

እኔ የምመርጠው መተኛት ነው አልኳት።

ታብሌቷን ነካ ነካ አደረገች። "ያልወሰነ" ብላ መዝግባኝ መሆን አለበት፤ ከሰዓት በኋላ ስነቃ ላልወሰኑ መራጮች የተጻፉ 3 መልእክቶች ስልኬ ላይ ጠበቁኝ። ሦስቱም የሚጠሩኝ በአባቴ ስም ነው። አባቴ ካረፉ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ኦማሃን በካርታ ላይ እንኳን አይተዋት አያውቁም። ግን በየሁለት ዓመቱ "ድምፅዎ ወሳኝ ነው" ይባላሉ።

ነገሩ ለማይገባችሁ ላስረዳ። የምኖረው ነብራስካ ውስጥ፣ ኦማሃ ከተማ ነው። ግዛታችን በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ካሉት 435 ወንበሮች 3 ብቻ አላት። ሁለቱ የማንንም እንቅልፍ አይነሱም፤ ሪፐብሊካን ያሸንፋል፣ አለቀ። የእኛ ሁለተኛው የምርጫ ክልል ግን ወላዋይ የሚል ስም ወጥቶለታል። እንደ እውነቱ ከሆነ የሚወላውለው ውጤቱ እንጂ ነዋሪው አይደለም። ቀኝ ጎረቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዴሞክራት ነች። ግራ ጎረቤቴ ሪፐብሊካን ሆኖ ተወልዷል፣ ሪፐብሊካን ሆኖ ይሞታል። ሁለቱ እኩል ለእኩል ሆነው ስለተፋጠጡ መካከል ላይ ቤት የተከራየሁት እኔ እቀሰቀሳለሁ።

በዚህ ላይ ሰማያዊ ነጥብ የምንላት አለች፤ ሰማያዊ የዴሞክራት፣ ቀይ የሪፐብሊካን ቀለም ነው። ለፕሬዚዳንት ምርጫ የተመደበላቸውን ድምፅ በየምርጫ ክልሉ የሚያከፋፍሉት ግዛቶች ሜይንና ነብራስካ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁሉንም ለግዛቱ አሸናፊ ይሰጣሉ። ሌላው ነብራስካ ቀይ ሆኖ ሳለ የእኛ ክልል በ2008 ለኦባማ፣ በ2020 ለባይደን፣ በ2024 ለካማላ ሃሪስ አንድ አንድ ድምፅ ሰጥቷል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው)። በ2024ቱ ምርጫ ሰሞን ሰፈሩ ምንም ጽሑፍ በሌለባቸው ነጫጭ ሰሌዳዎች ተሞላ፤ መሃላቸው ላይ አንዲት ሰማያዊ ክብ ብቻ። ደሴ ላለችው እናቴ በቪዲዮ ሳሳያት "ምነው፣ ቡዳ ፈርተው ነው?" አለችኝ። ከሰማያዊዋ ነጥብ ትይዩ ደግሞ ሌላው ጎረቤቴ የነብራስካን ካርታ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ያስቀባ ሰሌዳ ተከለ። እኔ ግቢዬ ውስጥ የምተክለው "ባለቤቱ ተኝቷል" የሚል ሰሌዳ ነበር፤ የሚሸጥ አላገኘሁም።

ዶን ቤከን የአየር ኃይል ጡረተኛ ብርጋዴር ጄኔራል ናቸው፤ እዚሁ አጠገባችን ባለው የኦፉት ጦር ሰፈር አዛዥ ነበሩ። (ስማቸው የአሳማ ሥጋ ማለት መሆኑን የሰሙ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት "ክርስትና ያነሳቸው ማን ነው?" ብለው በጣም አዝነውላቸዋል።) በ2016 ወንበሩን ከዴሞክራቱ ብራድ አሽፎርድ በ1 በመቶ ገደማ ልዩነት ወሰዱ። ከዚያ ካራ ኢስትማንን ሁለት ጊዜ፣ ቶኒ ቫርጋስን ሁለት ጊዜ አሸነፉ። የመጨረሻው ድል ከ2 በመቶ ያነሰ ልዩነት ነበረው፤ ያውም ያው ክልል በዚያው ቀን ሃሪስን መርጦ። የመልቀቃቸው ወሬ ቀድሞ ወጣ፤ ጁን 30 ቀን 2025 ራሳቸው እንደማይወዳደሩ አስታወቁ።

የእኔ መከራ የከፋውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ድሮ ግርግሩ ከመስከረም ተነስቶ ኅዳር ላይ ያልቅ ነበር። ነባር ተመራጭ ያለበት ወንበር ሲሆን ብዙ ሰው አይደፍረውም። "ባዶ ሊሆን ነው" ሲባል ግን ለቅሶ ቤት ሳይፈርስ ውርስ እንደሚካፈሉ ዘመዶች ሁሉም ከያለበት ብቅ አለ። ከማስታወቂያቸው እስከ ምርጫው ቀን፣ እስከ ኖቬምበር 3 ቀን 2026፣ 16 ወር ነው። ሰው ልጅ ፀንሶ፣ ወልዶ፣ ዳዴ የሚያስብልበት ጊዜ ነው።

በቴሌቪዥን የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለዘብተኛው ቤከን ከሄዱ በኋላ ወንበሩ ለማን ይሆናል? ዴሞክራቶች የሚፈልጉት አንድ ቁጥር፣ ሪፐብሊካኖች የማይለቁት አንድ ቁጥር። እዚህ ክልል ውስጥ ወደ 654 ሺህ የምንጠጋ ሰዎች አለን፤ ሲነገርልን ግን አንድ ወንበር ነን።

ስለ ለዘብተኝነታቸውም ጥቂት ልበል፤ ሰውየውን ለማሞገስም ለማራከስም አይደለም። እኛ ከመጣንበት ፖለቲካ "መሃል ሰፋሪ" ስድብ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን ዱላ የሚያርፍበት ሰው ማለት ነው። ጄኔራሉም ዱላውን ቀምሰዋል። በ2021 ለመንገድና ለድልድይ በጀት ከዴሞክራቶች ጋር ድምፅ ከሰጡት 13 የምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች አንዱ ነበሩ። በ2023 የገዛ ፓርቲያቸውን ሰው ጂም ጆርዳንን አፈ ጉባኤ አናደርግም ካሉት ጋር ሲቆሙ ለባለቤታቸው ስም የሌለው የማስፈራሪያ መልእክት ተላከ። በ2025 የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ስም በሕግ ለመቀየር ሲወሰን "አይሆንም" ያሉት ብቸኛው ሪፐብሊካን እሳቸው ናቸው። ይህ ደፋርነት ነው፤ አልክድም።

ነገር ግን በ2024 ዋሽንግተን ያሉት የነብራስካ ተወካዮች በሙሉ የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ድምፅ ለአሸናፊው ይጠቅለል የሚል ደብዳቤ ሲጽፉ ፊርማቸው አብሮ ነበረበት። ነጥቧን ለማጥፋት ማለት ነው፤ የገዛ ክልላቸውን ነጥብ! በጁላይ 2025 ደግሞ ያ ግዙፍ የታክስና የወጪ ሕግ 218 ለ214 ሲያልፍ እጃቸው ከደጋፊዎቹ ጋር ነበር። ያ ሕግ ለኛ ምን እንዳመጣ ታውቃላችሁ፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሄዶ ወደ ውጭ ሀገር የሚልክ ሰው 1 በመቶ ይቆረጥበታል። መጀመሪያ 5 በመቶ ነበር የታሰበው፣ የተወካዮች ምክር ቤት በ3.5 አሳለፈው፣ መጨረሻ ላይ 1 ሆነ። ከባንክ ሂሳቡ ወይም በአሜሪካ ባንክ ካርድ የሚልክ አይነካውም። ግን ባንክ የማይወዱ፣ ደመወዛቸውን በጥሬው አውጥተው በየወሩ ለእህታቸው የሚልኩ አንድ ጋሼ አሉን። ቅዳሜ ቡና ላይ ነገሩን ሳስረዳቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው "ለዘብተኛ ባይሆኑ ኖሮ ስንት ሊቆርጡብኝ ነበር?" አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ስለ ለዘብተኝነት ጥቅም መናገር አልቻለም።

አሁን ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ። በሪፐብሊካን በኩል የከተማው ምክር ቤት አባል ብሪንከር ሃርዲንግ አሉ። በዴሞክራት በኩል ብዙ ሰው ይጋፋል፤ ከነሱ አንዱ የግዛቱ ሴናተር ጆን ካቫና፣ አባታቸው ይህንኑ ወንበር ከ1977 እስከ 1981 ይዘውት ነበር። እሳቸው ካሸነፉ በግዛቱ ምክር ቤት የሚለቁትን ቦታ የሚሞላው ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ነው፤ ድምፁ ለአሸናፊው ይጠቅለል ለሚሉት አንድ ሰው ሊጨመርላቸው ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን ወንበር ስናገኝ ነጥቧን እናጣለን ብለው የሚሟገቱባቸው የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ሜይ 12 ቀን የፓርቲዎቹ የማጣሪያ ምርጫ ስላለ በሬ እስከዚያ ድረስ ለሁለት ዓይነት እንግዳ ክፍት ነው፦ እርስ በርስ ለሚጣሉትና ከሌላው ጋር ለሚጣሉት። በፖስታ ሳጥኔ የሚመጡት የሚያብረቀርቁ ወረቀቶች ግን ጠቅመውኛል፤ በር ላይ አንጥፌያቸው የጫማዬን በረዶ አራግፍባቸዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ወረቀት መካከል አንድም እንኳን ያልጻፈው ነገር አለ። ስልኩን ማን ያነሳል?

የምክር ቤት አባል ዋሽንግተን ሄዶ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ብቻ አይደለም። በምርጫ ክልሉ ቢሮ አለው፤ እዚያ ውስጥ ሥራቸው የነዋሪን ጉዳይ መከታተል የሆነ ሰዎች ተቀምጠዋል። የጡረታ አበሉ የተቋረጠበት፣ የቀድሞ ወታደር ሆኖ ሕክምናው የዘገየበት፣ ፓስፖርቱ ያልደረሰለት፣ እንደኛ ደግሞ የቤተሰቡ ቪዛ የቆመበት ሰው ወደነሱ ይደውላል። ውሳኔ ማስቀየር አይችሉም። ግን "ይህ ፋይል የት ደረሰ?" ብለው ሲጽፉ መልስ የሚሰጣቸው ሰው ነው፤ እኔ ስጽፍ የሚመልስልኝ ኮምፒውተር ነው፣ "ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው" እያለ። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ስልክ ቁጥር እንደ ጥሩ ወጌሻ አድራሻ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። የየትኛው ፓርቲ ቢሮ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እናቴ የቪዛ ቃለ መጠይቋን ጨርሳ "ተጨማሪ ማጣራት" ከተባለች 9 ወር ሆናት። ዜግነት የወሰድኩትም በዋናነት እሷን ለማምጣት ነበር። ሰሞኑን እንግዲህ እኔም ያን ቁጥር ልደውል ብዬ አሠራሩን ሳጠያይቅ የሰማሁት ነገር ነው እንቅልፌን ጨርሶ የወሰደው። መጀመሪያ መረጃዬን እንዲያዩ የሚፈቅድ ቅጽ መፈረም አለብኝ፤ የ1974ቱ የግል መረጃ ሕግ ያዛል። ደህና። ነገር ግን ያ ቅጽ የተፈረመው ለአንድ ተመራጭ ቢሮ ነው። ሰውየው ሲለቁ ፋይሉ የእሳቸው ነው፤ እኔ ካልፈቀድኩና እነሱም ካላስተላለፉት ለተተኪው በራሱ አይደርስም። የጄኔራሉ ዘመን የሚያበቃው ጃንዋሪ 3 ቀን 2027 ነው። የአለቃቸውን መሄጃ ቀን የሚያውቁ ሠራተኞች ደግሞ ሌላ ሥራ ቢፈልጉ ማን ይፈርድባቸዋል? አዲሱ ሰው ሲመጣ አዲስ ቢሮ፣ አዲስ ሠራተኛ፣ አዲስ ቅጽ። እናቴ እንደገና ከሀ።

እና አሁን ላስገባው ወይስ አዲሱን ልጠብቅ? አሁን ካስገባሁ መንገድ ላይ ይቀር ይሆናል። ከጠበቅኩ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ የእናቴ ጉልበት ደግሞ የምርጫ ዘመን አይቆጥርም።

ይህንኑ ለዚያች ታብሌት ለያዘች ልጅ ነገርኳት፤ እንቅልፌ አንዴ ጠፍቷል። በትዕግሥት ሰማችኝ። ታብሌቷን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋች። ኑሮ ውድነት፣ ጤና መድን፣ ድንበር፣ ፅንስ ማቋረጥ የሚሉ ሳጥኖች አሏት፤ "ስልኩን ማን ያነሳል" የሚል ሳጥን የላትም። ብርዱ አሳዝኖኝ ሻይ ልስጥሽ አልኳት፤ 40 ቤት ይቀረኛል ብላ አመስግና ሄደች። በእሷ አልተናደድኩም።

ማታ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ከሦስቱ መልእክቶች ለአንዱ መልስ ጻፍኩ። በትሕትና፦ ተወዳዳሪዎ ቢያሸንፉ ከቀድሞው ቢሮ በጅምር ላይ ያሉ የነዋሪዎች ጉዳዮችን እንዴት ለመረከብ አስበዋል?

ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ መልሱ መጣ። አባቴን በስማቸው ጠርተው አመሰገኗቸው፤ 25 ዶላር እንዲለግሱም ጠየቋቸው። መልእክቱን ለማቆም "ስቶፕ" ብለው ይመልሱ ይላል። "ስቶፕ" ብዬ መለስኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ መኪናዬን ሳቆም ስልኬ ጮኸ፤ ሌላኛው ተወዳዳሪ ነው።