አሰልጣኙ ተባረረ፤ ውሉን ያጸደቀውስ?

የሉዊዚያና አገረ ገዥ ጄፍ ላንድሪ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 መጨረሻ በጋዜጠኞች ፊት ቆመው፣ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቀጣይ የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ የስፖርት ዳይሬክተሩ ስኮት ውድዋርድ እንደማይመርጡ፣ ከእርሳቸው ይልቅ ዶናልድ ትራምፕ ቢመርጡት እንደሚሻል ተናገሩ። ውድቀትን መሸለም ሰልችቶኛል፣ ዕዳው መጨረሻ ላይ የሚወድቀው ግብር ከፋዩ ላይ ነው፣ ከእንግዲህ ውል የሚሰጠው ከውጤት መለኪያ ጋር ነው አሉ። ውድዋርድ በማግስቱ ወንበራቸውን ለቀቁ። አንድ ወር ቆይቶ ያው ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሌን ኪፊንን ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ (ኦሌ ሚስ) አምጥቶ በሰባት ዓመት 91 ሚሊዮን ዶላር ቀጠረ። ኪፊን ያለ ጥፋት ቢሰናበቱ ከቀሪው ደመወዛቸው 80 ከመቶው ይከፈላቸዋል።

ከእርሳቸው በፊት የነበሩትና በዚያው ኦክቶበር የተባረሩት አሰልጣኝ የብራያን ኬሊ ውል 90 ከመቶ ይል ነበር። እንግዲህ ያ ሁሉ ቁጣ፣ ያ ሁሉ መግለጫ፣ ያ ሁሉ የግብር ከፋይ ተቆርቋሪነት ያስገኘው አሥር ነጥብ ነው። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። ኪፊን ሁለት ዓመት ሠርተው ቢባረሩ አምስት ዓመት ይቀራቸዋል፤ በዓመት 13 ሚሊዮን ሲታሰብ 65 ሚሊዮን ዶላር፤ 80 ከመቶው ደግሞ 52 ሚሊዮን ይሆናል። ኬሊ ሲባረሩ ዩኒቨርሲቲው የተሸከመው ዕዳ 54 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አገረ ገዥው ያወገዙት ውል በሌላ ሰው ስም እንደገና ተፈርሟል፤ የዩኒቨርሲቲውን የአስተዳደር ቦርድ አባላት የሚሾሙት ደግሞ ራሳቸው አገረ ገዥው ናቸው።

ለኬሊ የምቆምበት ምክንያት የለኝም። በአራት ዓመት ውስጥ 34 አሸንፈው 14 ተሸንፈዋል፤ ዋንጫ ያመጣሉ ተብለው የመጡ ሰው አላመጡም፤ በገዛ ሜዳቸው በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 49 ለ25 ሲረቱ ስታዲየሙ ጨዋታው ሳያልቅ መራቆቱ አልገረመኝም። ደጋፊ መናደድ መብቱ ነው። ግን ኬሊ የ10 ዓመት የ95 ሚሊዮን ዶላር ውል ለራሳቸው አልጻፉም። ጠበቆች ጻፉት፣ ዳይሬክተር አቀረበው፣ ቦርድ ተቀብሎት አጸደቀው። ቡድኑ ሲወድቅ ግን ሕዝቡ ስሙን የሚጠራው የአሰልጣኙን ብቻ ነው። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

የ2025ን ኦክቶበር ሦስት እሑዶች ተመልከቱ። ኦክቶበር 12 የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ፔን ስቴት) አሰልጣኙን ጄምስ ፍራንክሊንን አባረረ፤ ዕዳው 49 ሚሊዮን ገደማ። ኦክቶበር 19 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቢሊ ናፒየርን አባረረ፤ ዕዳው 21 ሚሊዮን ገደማ። ናፒየር የተሰናበቱት ባሸነፉ ማግስት ነው፤ ሌላ ሥራ ቢያገኙም ከክፍያው ምንም አይቀነስባቸውም። ኦክቶበር 26 የኬሊ ተራ ደረሰ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በሦስት የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተቆልሎ፣ እነዚህን ውሎች እጁን አውጥቶ ካጸደቀ የቦርድ አባል አንድ ስንኳ ወጥቶ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል አልሰማሁም።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የለጋሾች ገንዘብ ነው እንጂ የግብር ከፋይ አይደለም» ይሉናል። ከሁሉም መከራከሪያዎች የላላው ይህ ነው፤ ግን በየዓመቱ ሳይታፈርበት ይደገማል። ለጋሹ ለዩኒቨርሲቲው የፋውንዴሽን ሒሳብ ሲለግስ ልገሳው ከግብሩ የሚታሰብለት ከሆነ፣ መንግሥት ሊሰበስበው ይገባ የነበረው ገንዘብ ቀርቷል ማለት ነው፤ ያንን ክፍተት የሚሞላው ደግሞ ሌላው ግብር ከፋይ ነው። ደግሞስ የለጋሽ ገንዘብ ሲሆን የሚባክነው ለምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲው ባለበት በባተን ሩዥ ከተማ የሉዊዚያና ስቴት ዋና ቤተ መጻሕፍት ለዓመታት በውኃ ፍሳሽ ሲቸገር የኖረ ሕንፃ ነው። ለለጋሾች ስልክ ደውሎ ለአንድ ሰው ማሰናበቻ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር መለመን የሚችል ተቋም፣ ስለ ጣሪያና ስለ መጽሐፍ ሲሆን ምላሱ የሚታሰርበት ምክንያት የለም። የሚለመንለትን ነገር የመረጠው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። ውሉ ላይ ያለው ፊርማም የለጋሽ አይደለም። ለጋሽ እምቢ ቢል፣ ቢሞት፣ ቢከስር፣ ኬሊ ከሰው ገንዘባቸውን የሚጠይቁት ዩኒቨርሲቲውን ነው።

እንዲያውም ከሰዋል። ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ በ25፣ ቀጥሎ በ30 ሚሊዮን ጠቅላላ ክፍያ ሊያስማማቸው ሞክሮ እምቢ ሲሉት፣ ኖቬምበር ላይ «ገና በሕጋዊ መንገድ አልተሰናበቱም» የሚል ክርክር ይዞ ብቅ አለ። ሰውየው ቢሮውን ለቆ፣ ተተኪ አሰልጣኝ ቡድኑን እየመራ፣ አገረ ገዥው ስለ ቀጣዩ አሰልጣኝ አደባባይ ወጥተው እየተናገሩ ነው ይህ የተባለው። ኬሊ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ወሩ ሳያልቅ ዩኒቨርሲቲው ያለ ጥፋት እንዳሰናበታቸውና ሙሉውን እንደሚከፍል አረጋገጠ። የፈረሙትን ውል የማያከብሩ ሰዎች ለተማሪ ስለ ሐቀኝነት የሚያስተምሩበት አንደበት ከየት ይመጣል?

የፔን ስቴት ጉዳይ ግን ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ሰባት ካምፓሶቹን ለመዝጋት በ25 ለ8 ድምፅ ወሰነ። ዱቦይስ፣ ፋየት፣ ሞንት አልቶ፣ ኒው ኬንሲንግተን፣ ሸናንጎ፣ ዊልክስ ባሬ፣ ዮርክ። ከ2027 የፀደይ ወራት በኋላ በሮቻቸው ይዘጋሉ። እነዚህ የገጠርና የትናንሽ ከተማ ልጆች ከቤታቸው ሳይርቁ፣ እየሠሩ፣ ወላጆቻቸውን እየረዱ ኮሌጅ የሚማሩባቸው ቦታዎች ናቸው። የተሰጠው ምክንያት የተማሪ ቁጥር መቀነስና የገንዘብ እጥረት ነበር፤ መዝጋቱ በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያድን ተነገረ። በአምስተኛው ወር ያው ዩኒቨርሲቲ 49 ሚሊዮን የሚጠጋ ዕዳ እንዳለበት እያወቀ አሰልጣኙን አባረረ።

ፍራንክሊንስ ምን አጠፉ? ውድድሩ ሲጀመር በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ የተሰጠውን ቡድን ይዘው ለኦሪገን በሁለተኛው የጭማሪ ሰዓት፣ በዚያ ውድድር ዘመን እስከዚያ አንድም ጨዋታ ላላሸነፈው ለዩ.ሲ.ኤል.ኤ. 42 ለ37፣ ለኖርዝዌስተርን ደግሞ በሜዳቸው 22 ለ21 ተሸነፉ። አሳፋሪ ሦስት ሳምንት ነበር፤ አልክድም። ግን ከዘጠኝ ወር በፊት ቡድኑን ለአገር አቀፉ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ አድርሰው በኖተርዳም በሦስት ነጥብ ልዩነት የወደቁት እኒሁ ሰው ናቸው። 104 ጨዋታ ያሸነፉ ሰው ናቸው። ትልልቆቹን ቡድኖች ማሸነፍ አይችሉም የሚለው ወቀሳ እውነት ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የ10 ዓመት ውል ሲሰጣቸውም እውነት ነበር። ያኔ ድክመታቸውን እያየ አሥር ዓመት የፈረመላቸው ተቋም፣ አራት ዓመት ቆይቶ በዚያው ድክመት ሲያባርራቸው፣ የተሳሳተው ማን ነው?

ፍራንክሊን በኖቬምበር ቨርጂኒያ ቴክ ስለ ቀጠራቸው የፔን ስቴት ዕዳ ወደ 9 ሚሊዮን ወርዷል። ይህን እየጠቀሱ «አያችሁ፣ ምንም አልደረሰም» የሚሉ አሉ። ዕዳውን ያቃለሉት ግን ቶሎ ሥራ የፈለጉት ፍራንክሊን ናቸው። እሑድ ዕለት የስንብቱን ውሳኔ ያሳለፉት ሰዎች ቨርጂኒያ ቴክ እንደሚያድናቸው አያውቁም ነበር። ዘጠኝ ሚሊዮኑም ቢሆን ለዱቦይስ ልጆች ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ማባረር ቅጣት አይደለም። ማባረር የአሰልጣኞችን ሁሉ ደመወዝ የሚያንር ሞተር ነው። ፍራንክሊን ኦክቶበር 12 ተባረሩ። ስማቸው ለቦታው መነሣት የጀመረው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ኦክቶበር 16 የስምንት ዓመት፣ ወደ 93 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አዲስ ውል አገኙ። ሲግኔቲ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ ኢንዲያናን ከምንም አንሥተው ኦሪገንን በሜዳው ያሸነፉ ሰው ናቸው። ግን ውሉ በአራት ቀን የተጣደፈው ፔን ስቴት ባዶ ወንበር ስለ ከፈተ ነው። ኦክቶበር 30 የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የአሰልጣኙን የማት ሩልን ውል እስከ 2032 አራዘመ። ሩል ምን ዋንጫ አመጡ? ምንም። የቀድሞ የፔን ስቴት ተጫዋች መሆናቸው፣ የፔን ስቴት የስፖርት ዳይሬክተርም የድሮ ባልደረባቸው መሆኑ በቂ ነበር፤ ነብራስካ ሊወሰዱብኝ ነው ብሎ ደነገጠ። አንድ ሰው በተባረረ ቁጥር አምስት ሰው ይጨመርለታል። የተባረረውም ይከፈለዋል፣ ያልተባረረውም ይከፈለዋል፣ ተተኪውም ይከፈለዋል፤ በመካከል ያለው ወኪል ከሁሉም ይደርሰዋል። ጂሚ ሴክስተን የኪፊንም፣ የፍራንክሊንም፣ የቀድሞው የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አሰልጣኝ የጂምቦ ፊሸርም ወኪል ናቸው። በእርሳቸው አልፈርድም፤ ሥራቸው ለደንበኛቸው መከራከር ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ለሕዝቡ ዩኒቨርሲቲ ሊከራከር የተቀመጠው ሰው ግን ሥራውን አልሠራም።

«ገበያው ነው፣ እኛ ካልሰጠን ሌላው ይሰጣል» ይላሉ። የትኛው ገበያ? እውነተኛ ገበያ ውስጥ በከፍተኛ ዋጋ የማይረባ ዕቃ የገዛ ነጋዴ ከኪሱ ይከስራል። እዚህ ገዢው በሌላ ሰው ገንዘብ ይገዛል፣ ሲሳሳት በሌላ ሰው ገንዘብ ይመልሳል፣ ከዚያም እንደገና እንዲገዛ ይላካል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም እ.ኤ.አ. በ2023 ፊሸርን ለማሰናበት ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ እስከ 2031 በየዓመቱ ይከፍላል። ላንድሪ ይህንንም ጥፋት በውድዋርድ ላይ ጫኑት። እውነት ነው፣ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው ውል በ2017 የሰጡት፣ ያኔ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የስፖርት ዳይሬክተር የነበሩት ውድዋርድ ናቸው። ዕዳውን ወደ 76 ሚሊዮን ያደረሰው ግን በ2021 የተፈረመው ማራዘሚያ ነው፤ ያን ጊዜ ውድዋርድ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ከተዛወሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አገረ ገዥው አንድ ሰው ላይ ጣታቸውን መቀሰራቸው ስለሚመቻቸው ነው። አንድ ሰው ከተባረረ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ቦርዱ እንዳለ ይቀመጣል።

ሜዳ ላይ አጥንታቸው የሚሰበረው ልጆች በዚህ ሁሉ ውስጥ የት ናቸው? ከ2025 ጁላይ ጀምሮ፣ ከረጅም ሙግት በኋላ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአትሌቶቹ በቀጥታ እንዲከፍል ተፈቅዶለታል፤ ጣሪያው ለመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህ ለፉትቦሉም፣ ለቅርጫት ኳሱም፣ ለዋናውም፣ ለሩጫውም በአንድ ላይ ነው። የኬሊ ማሰናበቻ የዚህን ሁለት ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ለሚጫወተው ጣሪያ አለ፤ ላለመሥራት ለሚከፈለው ጣሪያ የለም። ለዓመታት «ለተጫዋች ብንከፍል ኮሌጆች ይከስራሉ» እያሉ ሲያስፈራሩን የኖሩት እነዚሁ ተቋማት ናቸው።

ይህ ጉዳይ ከእኛ ሰው የራቀ የመሰለው ካለ ሜሪላንድን ይመልከት። ከሲልቨር ስፕሪንግ በደቂቃዎች መንገድ ላይ ኮሌጅ ፓርክ ባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የብዙዎቻችን ልጆች ይማራሉ፤ ወላጅ የሚከፍለው ሒሳብ ውስጥም ለስፖርት ክፍሉ የሚሄድ አስገዳጅ ክፍያ አለ። የሜሪላንድ ቡድን የ2025ን ውድድር በአራት ተከታታይ ድል ጀምሮ በስምንት ተከታታይ ሽንፈት ጨረሰ። ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ማይክ ሎክስሊን ላለማባረር ሲወስን ፈሪ፣ ቆጥቋጣ፣ ለድል የማይጓጓ ተባለ። እኔ ከዓመቱ ውሳኔዎች ሁሉ ያከበርኩት ይህን ነው። ቡድኑ ደካማ ነው፤ ልጄን እያስከፈሉ ለተሰናባች አሰልጣኝ ሚሊዮኖች ከሚቆጥሩ ግን አንድ ዓመት ደካማ ሆኖ ይቆይ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የማንኛውም የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ማሰናበቻ ከአንድ ዓመት ደመወዝ እንዳይበልጥ የስቴት ምክር ቤቶች በሕግ ይወስኑ። ከዚያ በላይ የሚሰጥ ውል ሲቀርብ እያንዳንዱ የቦርድ አባል ድምፁን በስሙ ይስጥ፤ አሰልጣኙ በተባረረበት ቀን ያ ዝርዝር ከስንብቱ መግለጫ ጋር አብሮ ይውጣ። «እንዲህ ከሆነ ጥሩ አሰልጣኝ አይመጣልንም» ለሚሉት ኪፊንን እጠቅሳለሁ። 11 አሸንፎ አንድ ብቻ የተሸነፈ ቡድናቸውን፣ ለሻምፒዮናው ጨዋታ ሲዘጋጅ ትተውት የሄዱ ሰው ናቸው። በዓመት 13 ሚሊዮን ዶላር ያለ ዋስትና አይበቃኝም የሚል አሰልጣኝ ካለ፣ ባለበት ይቆይ።