ይድረስ ከጢቅ ጢቅ በቀር ሥራ ለሌለህ የናፍጣ ፓምፕ

ቁጥር፦ የለውም
ቀን፦ መብራት በሄደ ሰሞን
ጉዳዩ፦ ስንብትን ይመለከታል

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍጣህ በቀር ደህና ነኝ። ድሮ ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትህ በቀር» ነበር የሚባለው። ናፍቆትስ ይቻላል። ናፍጣ ሲቀር ግን አርባ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ያፈጥብሃል።

አዳማ የስብሰባ ከተማ መሆኗ ለአንተ አይነገርህም። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። አበል ለማስከፈል በቂ ሩቅ፣ ማታ ቤት ለመግባት በቂ ቅርብ። የእኔም እንጀራ ከዚሁ ነው፤ አንዲት አነስተኛ አዳራሽ አለችኝ። ጓሮ ባለ ሦስት ሲሊንደር የናፍጣ ጀነሬተር ቆሟል። ከጎኑ ደግሞ አንተ ነበርክ፤ የሻይ ብርጭቆ የምታህል፣ ሁለት ሽቦና ሁለት ቱቦ ያለህ ፍጡር።

ጣሪያ ላይ ብወጣ የንፋስ ተርባይኖቹ ይታዩኛል። በሁለት ዙር የተተከሉት ተደምረው 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ቆቃ ግድብም ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ጎረቤታችን ነው። እንግዲህ በእነዚህ ሁሉ መሃል ተከብበን ነው መብራት የሚሄድብን። ንፋሱ ግን አንድ ቀን እንኳን ሄዶ አያውቅም።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። የዚያን ዕለት ሥልጠናው ስለ ጊዜ አጠቃቀም ነበር። ከረፋዱ አራት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ዘበኛችን ሮጦ ጀነሬተሩን አስነሳ። ተነሳ! እኔም በኩራት ሰዓቴን አየሁ። አምስት ደቂቃ ያህል ሠራ። ከዚያ ድምፁ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ዳገት ላይ እንደተጫነ አህያ። ከዚያ ጭጭ።

እንደገና ተነሳ። እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው አሰልጣኙ «የሻይ እረፍት ብናደርገው?» አሉ። ያ የሻይ እረፍት ከምሳ ጋር ተገናኘ። ከሰልጣኞቹ ቅር ያለው አንድም አልነበረም። አቴንዳንስ ላይ ፈርመው ጨርሰዋላ።

መካኒክ ጠራሁ። ገና ከበሩ ሳይገባ «ኖዝል ነው» አለ፤ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን ማለቱ ነው። «እንዴት አወቅክ ወንድሜ?» ስለው «ድምፁ ይናገራል ጋሼ» አለኝ። ሦስቱንም ኖዝል ፈታ፣ አስፈተሸ፣ መለሰ፣ ተቀበለ። ጀነሬተሩ ተነሳ። ጠፋ። በማግስቱ ፊልትሮው ነው ተባለ። ተቀየረ። ተነሳ። ጠፋ። በዚህ ሁሉ ማስነሳት ባትሪው ስለደከመ ባትሪውም ነው ተባለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

አንተን ግን ማንም አልጠረጠረህም! ለምን? ቁልፉ ሲዞር ጢቅ ጢቅ ጢቅ ትላለህና። እንዲያውም ከወትሮው ፈጠን ብለህ። «ፓምፑስ?» ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር። መካኒኩ ጆሮውን አስጠግቶ «ኧረ እሱ እየሠራ ነው፣ አይሰሙም?» አለኝ። ሰማሁ። አመንኩ። ለካ አጥሩን ተሻግሮ የሚመጣውን የአዳራሹን ድምፅ ስትሰማ ኖረህ ሙያ ቀስመሃል። መጮህ ብቻውን እንደ ሥራ እንደሚቆጠር እዚህ ጓሮ ካልተማርክ የት ትማራለህ?

ሥራህ እኮ ከባድ ሆኖ አይደለም። ናፍጣውን ከሰርባቶዮው፣ ከማጠራቀሚያው ማለት ነው፣ ስበህ፣ በፊልትሮው አሳልፈህ ለዋናው ፓምፕ ማቀበል ነው። አለቀ። በመቶዎች ባር በሚለካ ግፊት ወደ ኖዝል የሚልከው እሱ ነው። ያንተ ግፊት የብስክሌት ጎማ እንኳን አይነፋም። ከአንተ የሚጠበቀው እንደ አስተናጋጅ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ማድረስ ብቻ ነበር። ሳትቀር ቀረህ።

ያጋለጠህ የመካኒኩ ረዳት ነው፤ አፉን ዘግቶ ሲያይ የከረመ ልጅ። አለቃው ስልክ ሊያወራ ወጣ ሲል ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ይኖርዎታል?» አለኝ። ከአንተ የሚወጣውን ቱቦ ፈትቶ ጠርሙሱ ውስጥ ከተተው። ቁልፉ ዞረ። አንተ ጢቅ ጢቅህን ቀጠልክ። ጠርሙሱ ውስጥ የወረደው ትንሽ አረፋና እንባ የምታህል ናፍጣ ናት።

ልጁ በዚህ አልፈረደብህም። ሽቦህን በቴስተር ለካ፤ ከ12 ቮልት በላይ ይደርስሃል። ማሳህንም፣ የነጌቲቩን መስመር፣ አየ፤ ንጹሕ ነው። መብላቱንስ ትበላለህ ማለት ነው። ከዚያ ምናልባት ሰርባቶዮው ወይም ቱቦው ተደፍኖ ይሆናል ብሎ፣ መሳቢያህን በሌላ አጭር ቱቦ በቀጥታ ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ውስጥ ነከረልህ። አፍህ ድረስ አቀረበልህ ማለት ነው። አሁንም አረፋ። ውስጥህ ያለችው ናፍጣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትይዘው ቫልቭ አልቃለች። አንድ ስትስብ አንዱን መልሰህ ትለቃለህ።

መካኒኩ ስልኩን ጨርሶ ሲመለስ ጠርሙሱን አየ። «እኔም እሱን ልልዎት ነበር» አለ።

እዚህ ላይ፣ ደብዳቤው በእኛ መሃል ይቅርና፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ተፈትተህ ስትገለበጥ ከመግቢያህ ቀይ ዝቃጭ ወጣ። ዝገት ነው። ናፍጣ ሲጠፋ እየተሰለፍኩ፣ ደብዳቤ እያጻፍኩ ያጠራቀምኩበት በርሜል ከእኔ ጋር እኩያ ሳይሆን አይቀርም። ሥሩ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ያዝገዋል። ማጥለያ ጨርቅ ይኑረው ብሎ ዘበኛው ሁለቴ ነግሮኛል። «ናፍጣ ሻይ ነው እንዴ የሚጠለለው?» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን በስንብት ማኅደርህ ውስጥ አታገኘውም።

ምትክህን ፍለጋ ወጣሁ። ባለሱቁ «ኦሪጅናል ነው ኮፒ?» አለኝና ሁለቱንም ከአንድ ካርቶን አወጣ። ኦሪጅናሉን በኦሪጅናል ዋጋ ገዛሁ። ይዤ ስመጣ ልጁ ገልብጦ አይቶ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ 24 ቮልት ነው» አለ። ተመለስኩ። ባለሱቁም «መጀመሪያ ቢነግሩኝ» አለ። አልጠየቀኝም እኮ!

ገጠማውን የሠራው ልጁ ነው። አለቃው ቆሞ በእጁ እየጠቆመ መራ። የባትሪው ነጌቲቭ ተነሳ፣ የሰርባቶዮው መዝጊያ ተዘጋ። አንተን አስረው የነበሩት የቱቦ ማጥበቂያ ፋሸታዎች አልነበሩም፤ ሽቦ ነው። በዚያ በኩል ስንት አየር እንደጠጣህ ፈጣሪ ይወቀው። ልጁ አዲስ ፋሸታ አስገባ። አዲሱ ፓምፕ ላይ ያለችውን ቀስት ለእኔም አሳየኝ፤ ጫፏ ወደ ሞተሩ መዞር አለባት። ባንተ ላይም ቀስት ነበረች አሉ፤ ቆሻሻው ሸፍኗት አላየናትም እንጂ።

ከዚያ አየር ማስወጣት መጣ። የፊልትሮው አናት ላይ ያለችው ብሎን ላላ ተደረገች። ቁልፉ ሲከፈት አዲሱም ጢቅጢቅጢቅ ብሎ ጮኸ። ክው አልኩ። ሌላ ተሰብሳቢ ገዛሁ ብዬ! ብሎኗ ሥር አረፋ ፈላ፣ ፈላ፣ ከዚያ አረፋ የሌለው ጥርት ያለ ናፍጣ መጣ። ልጁ ብሎኗን አጠበቃት። ይኼኔ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ፓምፑ ጩኸቱን ቀነሰ። ጢቅ... ጢቅ... ጢቅ። «ምነው ደከመው እንዴ?» አልኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ መስመሩ ስለሞላለት ነው» አለኝ። «የሚጣደፈው ባዶ ሲሆን ነው።»

ማስነሻ ሞተሪኖው ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ጀነሬተሩ ተነሳ። ሻይ አስመጣን። ሻዩ ተጠጣ፣ ብርጭቆው ታጠበ፤ ጀነሬተሩ አልጠፋም። መካኒኩ ሒሳቡን ተቀበለ። ለልጁ ለብቻው ኪሱ ውስጥ የሆነች ነገር ጣል አደረግኩ።

የአንተን ነገር በተመለከተ፣ ለቆራሌው ልሰጥህ ነበር። የሰጠኝ ዋጋ ግን ለአንተም ለእኔም የሚያሳፍር ስለሆነ ተውኩት። ይልቅስ የአዳማን ንፋስ ታውቀዋለህ። መስኮት ከተከፈተ የአቴንዳንሱን ወረቀት ይዞት ይሄዳል፤ ባለፈው ወር አንድ ሙሉ ገጽ ፊርማ ከአጥር ውጭ ተለቅሟል። ከሰኞ ጀምሮ ወረቀቱ ላይ እንድትቀመጥ ተመድበሃል። ቦታህ አዳራሹ ውስጥ፣ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ነው። የሻይ እረፍትህ አራት ሰዓት ነው።

ግልባጭ፦
ለአዲሱ ፓምፕ፣ እንዲያውቀው
ለበርሜሉ፣ ጉዳዩ በመታየት ላይ ስለሆነ በትዕግሥት እንዲጠብቅ