የወገብ መርፌ ሲታዘዝ ስለ ዓይንም ይጠየቅ

ከወገብ ተነስቶ እግር ድረስ የሚወርድ ሕመም እንቅልፍ ለነሳው ሰው፣ አከርካሪ ላይ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ትልቅ እፎይታ ነው። በነርቩ ሥር ያለውን ብግነት ያበርዳል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቀና ብሎ ያስኬዳል። ሕክምናውን ላጣጥል አልተነሳሁም። የሚያሳስበኝ፣ ወገብ ላይ የተወጋው መድኃኒት በደም ዞሮ ዓይን እንደሚደርስ ለታካሚው በግልጽ አለመነገሩ ነው።

ዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭ ፈሳሽ አለ፤ መውጫም አለው። ስቴሮይድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይህን መውጫ ስለሚያውክ የዓይን ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ከቆየ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፤ ግላኮማ ይመጣል። ስቴሮይድ ባለበት የዓይን ጠብታ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከ3 ሰው የአንዱ ያህል ግፊት ከፍ ብሏል። ግላኮማ ያለባቸውና የቅርብ ዘመዳቸው ያለበት ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። አንዴ የተወጋ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አደጋው የሚያይለው መርፌው ሲደጋገም ነው። ግን ግላኮማ ብዙውን ጊዜ አያምም፣ አያስጠነቅቅም። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ግን አይመለስም።

ሌላም አለ። ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የውስጠኛ ሽፋን) ሥር ፈሳሽ ሊቋጠር ይችላል፤ ያኔ የሚያዩት ነገር መሐሉ ይደበዝዛል፣ ቀጥ ያለ መስመር ይጎብጣል። ብዙ ጊዜ ስቴሮይዱ ሲቆም ይሻላል። ችግሩ፣ የዓይን ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲል ታካሚው «ምንም» ማለቱ ነው። መድኃኒት ሲባል ትዝ የሚለው ክኒን ነዋ! ወገቡን የወጋው ሐኪም ካልነገረው በምን ያውቃል?

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ይህ መርፌ ከስንት አንዴ የዓይን ብርሃን ማጣት፣ ስትሮክ፣ ሽባነትና ሞት ሊያስከትል እንደሚችል ገልጿል። መድኃኒቶቹን ለዚህ አገልግሎት እንዳላጸደቃቸውም አስታውቋል። ይህን ያህል ክብደት ያለው ነገር በስምምነት ቅጹ ላይ በደቃቅ ፊደል ታትሞ መታለፍ የለበትም፤ በአፍ ሊነገር ይገባል።

ሐኪሙ ከመውጋቱ በፊት «ግላኮማ አለብዎት? ከቤተሰብስ ያለበት አለ? ለአስም፣ ለቆዳ ወይም ለመገጣጠሚያ ሌላ ስቴሮይድ ይጠቀማሉ?» ብሎ ቢጠይቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ተጋላጭ የሆነ ሰው ደግሞ የዓይን ግፊቱ ከመርፌው በፊትና ከሳምንታት በኋላ ይለካ። በእኛ አገር ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ግላኮማ እንዳለበት ሳያውቅ የሚኖረው ብዙ ነውና።

የተወጋችሁም የመድኃኒቱን ስምና የተወጋችሁበትን ቀን አስጽፋችሁ ያዙ። ከመርፌው በኋላ ዕይታችሁ ከደበዘዘ ወይም በድንገት ከጠፋ ለነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂዱና ወገባችሁን መወጋታችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ።