ሐውልት ለሚገባው መንገደኛ

በአገራችን እስከ ዛሬ ሐውልት ያልቆመለት አንድ ጀግና አለ። የአውሮፕላኑ ጎማ መሬት ከመንካቱ ቀበቶውን ፈትቶ የሚነሳው መንገደኛ ነው። ሐውልቱን የሚሠራው ቀራፂ አደራ እንዳይሳሳት፤ አንገቱ ወደ ጎን የተሰበረ፣ ጭንቅላቱ የዕቃ መደርደሪያው ሥር የተወሸቀ፣ አንድ እጁ ሻንጣው ላይ፣ ሌላው እጁ ስልኩ ላይ ይሁን። በስልኩም «ደርሻለሁ፣ ወርጃለሁ» ይበል። አለመውረዱን የምናውቀው አብረነው የታጨቅነው ብቻ ነን።

ይህን ጀግና በየአየር ማረፊያው ታገኙታላችሁ፤ ሙሉ ክብሩ የሚገለጠው ግን ላሊበላ ላይ ነው። ትልቅ ከተማ ላይ መቸኮል ምን ያስደንቃል? የላሊበላው ማረፊያ ሹምሸሃ ሜዳ ላይ አንድ መንደርደሪያ ይዞ የተቀመጠ፣ ከአውሮፕላኑ ደረጃ እስከ ተርሚናሉ በር በእግር የሚኬድበት ነው። የሚያመልጥ ባቡር የለ፣ የሚዘጋ ባንክ የለ። ከተማዋ ራሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወጥታ ትጠብቃለች። ሌላ ቦታ የሚቸኩል ሰው ጥቅም ፈልጎ ነው፤ እዚህ የሚቸኩል ግን ለሙያው ፍቅር ሲል ብቻ ነው።

ለልደት በዓል ስሄድ ያየሁትን ላውጋችሁ። ገና እየተንከባለልን ነው። አስተናጋጇ የቀበቶው ምልክት እስኪጠፋ በመቀመጫችን እንድንቆይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለመነችን። በሁለቱም ቋንቋ የገባን አልመሰለኝም፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ቀበቶው ምጣድ ላይ እንደወደቀ ፈንዲሻ ከየወንበሩ ይንጣጣ ጀመር። በክንፎቹ ላይ ባለስድስት ምላጭ ውልብልቢቶች እየተሽከረከሩ፣ የእኛ ጀግና 17ኛው ረድፍ ላይ ብድግ አለ። በሩ ያለው ከፊት ነው። በእርሱና በበሩ መካከል 16 ረድፍ ሰው አለ። ጀግንነት ማለት ይህ ነው።

ሻንጣውን ሲያወርድ የሻንጣው ጎማ አጠገቡ የተቀመጡ እናት ነጠላ ላይ አረፈ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ጉልበታቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ጧፍ ይዘዋል።

«እማማ፣ ይነሱ እንጂ፣ ደርሰናል» አላቸው፣ በትሕትና።

ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ በሩን የምትከፍተው አንተ ነህ?»

«የለም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። ጀግና በአንድ ቃል ይመለሳል እንዴ?

አባቶቻችን በዚህ በኩል ደካሞች ነበሩ። ወደ ላሊበላ በበቅሎ ሲጓዙ ቀናት ቆጥረው፣ በየመንገዱ አድረው ነው የሚደርሱት። ማረፊያው ጠጠር በነበረበት ዘመንም ክረምት ሲገባ አውሮፕላኑ ይቀርና መንገደኛው ጭቃው እስኪደርቅ ይጠብቅ ነበር። ክረምቱን ሙሉ! ዛሬም ለታኅሣሥ 29 ከየአገሩ ሳምንታት በእግሩ ተጉዞ፣ አንዳንዱም በባዶ እግሩ የሚደርስ ተሳላሚ አለ። ይህ ሁሉ ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ያደገ ነው። የእኛ ጀግና ግን አንድ ሰዓት ገደማ በሰማይ ከበረረ በኋላ የመጨረሻዋ አራት ደቂቃ በዛችበት። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄድበት ጊዜ የለውም።

ሐሜተኞች ይህን ልማድ ስግብግብነት ይሉታል። እኔ የሥልጠና ውጤት ነው እላለሁ። በሚኒባስ ያደገ ሰው ነው። «ወራጅ አለ!» ለማለት ግማሽ ደቂቃ የዘገየ ሰው ሁለት ፌርማታ አልፎ እንደሚወርድ ያውቃል። ከአብራሪው ጋርም ቢሆን ምን ዋስትና አለው? ዝም ብሎ ቢቀመጥ አውሮፕላኑ አክሱም ድረስ ይዞት ቢሄድስ? እንዲያውም የሚገርመኝ በወንበሩ ጀርባ ላይ መታ መታ አድርጎ «እዚህ ጋ» አለማለቱ ነው።

በሩ ተከፈተ። ተራው እስኪደርሰው አሥራ ስድስቱ ረድፍ አንድ በአንድ ወጣ፤ እርሱም እንደ ቅስት ተለምጦ ጠበቀ። ከደረጃው ሲወርድ ግን በክርኑ ሦስት ሰው አለፈና ተርሚናሉ ውስጥ ከሁላችን ቀድሞ ገባ። ከሁላችን ቀድሞም ይጠብቅ ጀመር። ዕቃ የጫነው ጋሪ ገና አውሮፕላኑ ሆድ ሥር ነው። ለካስ አዲስ አበባ ላይም ከሁሉ ቀድሞ ሻንጣ ያስረከበው እርሱ ነበር፤ ቀድሞ የገባ ወደ ውስጥ ይገፋልና ትልቁ ሻንጣው መጨረሻ ወጣ። የእናታችን አንዲት ጥቅል ሦስተኛ ሆና መጣች፤ አንስተው አቧራዋን አራገፉና ወጡ።

የሆቴሉ ሚኒባስ ሰው ሳይሞላ አይንቀሳቀስም። ሞልቶ የጎደለው አንድ ሰው ነበር። ጀግናው ሻንጣውን እየጎተተ፣ ላቡን እየጠረገ ሲደርስ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። እናታችን ጋቢና ተቀምጠዋል፤ ሾፌሩ ራሱ እጃቸውን ይዞ ነው ያስገባቸው። ለእርሱ የቀረችው ከኋላ፣ ከሻንጣ ጋር የምትጋራው ታጣፊ ወንበር ናት።

መንገዱ ተራራውን እየዞረ ይወጣል። ሰው ሁሉ በመስኮት ያያል፤ ከአንድ ዐለት ተፈልፍለው፣ መላእክት ሌሊት ሌሊት እያገዙ ከ20 ዓመት በላይ ተሠሩ የሚባሉትን አብያተ ክርስቲያናት ለማየት የመጣ ሁሉ ዝም ብሏል። እናታችን አንገታቸውን ደገፍ አድርገው ተኝተዋል። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ከሩቅ ብቅ ሲሉ ከኋላዬ የሻንጣ ዚፕ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብዬ ባይ ጀግናው ወገቡን አጉብጦ ቆሟል፤ እጁን በእኔ ትከሻ ላይ አሳልፎ የበሩን እጀታ ጨብጧል። ገና ስድስት ጠመዝማዛ ይቀረናል።