ዘንዶ የሣለ ልጅ ጠንቋይ አይደለም

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት አንገቱን ደፍቶ መጣ። ደብተሩን ወስደውበታል። የሒሳብ ደብተር አይደለም፤ እርሱና አራት ጓደኞቹ ለብዙ ጊዜ ሲጫወቱበት የኖሩት የጨዋታ ደብተር ነው። ውስጡ ካርታ፣ የገጸ ባሕርያት ዝርዝርና በእርሳስ የተሣለ አንድ ዘንዶ አለ። መምህሩ ዘንዶውን አይተው «ይህ የጥንቆላ ነገር ነው፤ ወላጅ ይምጣ» ብለዋል። እናቱ ሥራ ላይ ስለነበረች እኔ ሄድኩ። መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለልጆቹ ሰግተው ነው። ግን ተሳስተዋል። ስሕተቱ የእርሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ተነጋግረን በጨረስነው ነበር፤ በየቤቱ ስለምሰማው ነው የምጽፈው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይይዛሉ፤ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ሐኪም። ተራኪው ችግር ያመጣባቸዋል፣ እነርሱ ተመካክረው መውጫ ይፈልጋሉ፤ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ የሚታወቀው ዳይስ፣ ማለትም በ20 ገጾቹ ላይ ቁጥር የተጻፈበት መጫወቻ፣ ተጥሎ ነው። የእኛዎቹ እንዲህ ያለውን ዳይስ ፒያሳ ፈልገው ስላጡ፣ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ከትተው ዕጣ ያወጣሉ። የጀመሩት በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ነው። ከቤት መውጣት በሚያስፈራበት በዚያ ወቅት ወረቀት፣ እርሳስና ሻማ ብቻ የሚጠይቅ ነገር ማግኘታቸው ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር።

አሜሪካውያንም በዚህ ፍርሃት አልፈዋል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የዚህ ዓይነቱን የሚና ጨዋታ ፈር ቀዳጅ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። በ1979 በሚሺጋን አንድ የ16 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሰወር፣ የተቀጠረው መርማሪ በዚህ ጨዋታ ሳቢያ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ፤ ጋዜጦቹም አራገቡት። ልጁ ከሳምንታት በኋላ ተገኘ፤ ያሸሸውም የገዛ ጭንቀቱ ነበር። በ1983 ደግሞ ልጇ ራሱን ያጠፋባት የቨርጂኒያ እናት ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቋመች። ሐዘኗ እውነተኛ ነበር፤ ጨዋታው ሰውን ለሞት እንደሚዳርግ ያረጋገጠ ጥናት ግን አልተገኘም። አሳታሚው እንኳ ነቀፌታው በዝቶበት በ1989 እትም ሰይጣንና ጋኔን የሚሉትን ስሞች አውጥቷቸዋል።

ይህ አመለካከት በክርክር ብቻ የተለወጠ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን ጠረጴዛውን ከበው የተቀመጡት ልጆች አድገው መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ወላጆች ሆኑ፤ ሰይጣን የያዘው ሰው ሲጠበቅ ደህና ጎረቤት ሆነው ተገኙ። ዛሬ ዓይን አፋር ልጆችን ለማገዝ በጨዋታው የሚጠቀሙ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አሉ። በ2024 ጨዋታው 50 ዓመት ሲሞላው የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በስሙ ቴምብር አሳትሟል።

እኛ ያን ያህል ዓመት መጠበቅ የለብንም። በእንቆቅልሽ ያደግን ሰዎች ነን። መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል «ጎንደርን ሰጠሁህ» ይላል፤ ጠያቂው በቃሉ ብቻ ጎንደር ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሾማል። ይህ ከዚያ በምን ይለያል? አዝማሪው «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ስንኝ እዚያው ሲያዜም ማን ጠንቋይ አለው? ዘንዶውስ ቢሆን፣ በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር ሲወጋው እያየን አይደል ያደግነው? ልጆቹም የሣሉት ሊያሸንፉት ነው።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ እናቴ ቤት ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ሆነዋል፤ ጓንግ ወንዝ ሞልቷል። ከመካከላቸው በክፍል ውስጥ ስትጠየቅ እንኳ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ አለች። የእርሷ ድርሻ የነጋዴዎቹ አለቃ መሆን ነው። ተነሥታ ከኬላ ጠባቂው ጋር ስለ ቀረጥ ተከራከረች፤ እየጮኸች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ሳትንተባተብ። ከዚያ በቅሎዋን ወንዙ ውስጥ ልታስገባ ዕጣ አወጣች፤ 4 ብቻ ወጣ። በቅሎዋን ውኃ ወሰዳት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

እናቴ ዕጣውን ስታይ መጀመሪያ «ቁማር በቤቴ!» ብላ ነበር። ቀስ በቀስ መቁጠሪያዋን እንደያዘች ወንበሯን አቀረበች። በቅሎዋ ስትሄድ ግን አልቻለችም። «እናንተ ልጆች፣ ጓንግ ሲሞላ ከብት አስቀድሞ ይገባል እንዴ? አባቴ ዋናተኛ ነበር የሚያስቀድመው፤ ገመዱን ማዶ ያስርና ነው ጭነት የሚሻገር» አለች። ተራኪው የእህቴ ልጅ እርሳሱን አንሥቶ «እማማ፣ ገመዱ ስንት ክንድ ነበር?» አላት። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ስለ አባቷ የንግድ መንገድ ነገረቻቸው፤ እኔ ልጇ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን። የወሰዱት ደብተር ይህም ተጽፎበታል።

ጥናት እንዳያስረሳቸው ሰዓት መገደብ የወላጅ ሥራ ነው፤ እኛም ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ብለናል። መምህራን ሆይ፣ ደብተሩን መልሱላቸው። ከመፍረዳችሁ በፊትም አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ አብራችኋቸው ተቀመጡ፤ እናቴ ቡና ታፈላለች።