ለክቡር የፊልም ፖስተር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአማቴ ፊት ለደረሰብኝ ውርደት ካሳ ስለመጠየቅ

ክቡር ፖስተር ሆይ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበቱ? ፀሐዩ ቀለምዎን አላደበዘዘብዎትም? ፊልም ከሚጭነው ልጅ ሱቅ በር ላይ፣ «ፎቶ ኮፒ እናደርጋለን» እና «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ከሚሉት ወረቀቶች መሀል ተለጥፈው ባየሁዎት ቁጥር ግርማ ሞገስዎ ይማርከኛል። ሽጉጥ አለ። ቆንጆ ሴት አለች። ከላይ ደግሞ እንደ ሠርግ ጥሪ ካርድ ስም በስም ላይ ተደርድሯል።

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት፣ አቤቱታዬ «ሳቬጅስ» ስለሚባለው ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ፊልሙ የቆየ ነው፣ ውርደቱ ግን ትኩስ ነው። የደረሰብኝ ባለፈው በዓል ማታ ነው። እኛ ቤት እስከዛሬ በስሙ አይጠራም፤ «ያ ነገር» ነው የሚባለው።

ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አስቀድሜ ላስመዝግብ። እኔ አይደለሁም። ፊልም የሚጭነው ልጅም አይደለም። እሱ ያለው «ጋሼ፣ ካስቱን እየውማ!» ብቻ ነው። አየሁት። ሳልማ ሃይክ። ቤኒሲዮ ዴል ቶሮ። ጆን ትራቮልታ። ብሌክ ላይቭሊ። በዚያው ዓመት ለኦስካር ታጭቶ የነበረው ዴሚያን ቢቺር። ዳይሬክተሩ ኦሊቨር ስቶን፣ በ«ፕላቱን» ኦስካር የወሰደው ሰውዬ። ዴል ቶሮም ኦስካሩን ያገኘው በ«ትራፊክ» ነው፤ እሱም የሜክሲኮን የዕፅ ንግድ የሚነካ ፊልም ነው። ለዚህ የሥራ መደብ ልምድ አለው ማለት ነው፣ ሲቪው ሙሉ ነው። ይህን ሁሉ ስም አንድ ወረቀት ላይ አይቶ የሚጠራጠር ሰው የእናቱንም ወጥ ይጠራጠራል። አስጫንኩት።

ማታ ነው። ዶሮው ተበልቷል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ቴሌቪዥኑ ላይ ያው የተለመደው ነው፦ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ስቱዲዮ፣ አፋቸው ከዘፈኑ ጋር አልገጥም ያላቸው ዘፋኞች፣ «በድጋሚ እንኳን አደረሳችሁ!» አማቴ ሶፋው መሀል ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ታላቅ ወንድማቸው ጋሼ፣ ሰንበትን ሳያስቀድሱ የማይውሉ ሰው፣ ከጎናቸው አሉ። የባለቤቴ ወንድም «ኧረ ፊልም ይከፈት!» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ፊልም አዋቂው እኔ ነኝ። ነበርኩ።

«ልብ አንጠልጣይ የወንጀልና የፍቅር ፊልም ነው» ብዬ አበሰርኩ። ስለ ካስቱም አጭር ገለጻ አደረግኩ፤ ማን ኦስካር እንደወሰደ፣ ማን እንደታጨ። አማቴ በጥሞና ሰሙኝና «ትልልቅ ሰዎች ከሆኑማ ጥሩ ነው» አሉ።

ክቡርነትዎ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ብቅ ሳይሉ መጋዝ መጣ። የተቆረጠ ጭንቅላት መጣ። ጋሼ አማተቡ። «አይዞን፣ መግቢያው ነው» አልኩ። ከዚያ አልጋው መጣ።

ሪሞቱን ለማንሳት ተወረወርኩ። የእኛ ሪሞት የጀርባ ክዳን የለውም፣ ባትሪው በላስቲክ ነው የታሰረው። ሳነሳው ላስቲኩ ተፈናጠረ፣ አንዱ ባትሪ ሶፋው ሥር ገባ። አማቴ እግራቸውን አነሱልኝ። እኔ በደረቴ ተኝቼ ሶፋው ሥር ስዳብስ ድምፁ ከላይ ይሰማል። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። የባለቤቴ ወንድም የቴሌቪዥኑን ቁልፍ ፍለጋ ሄደ። ቁልፉ ከሥሩ ይሁን ከጀርባው የሚያውቅ የለም፣ ከተገዛ ጀምሮ ነክተነው አናውቅም። አንድ ነገር ተጫነ። ድምፁ ጎረቤት ደረሰ። ሌላ ነገር ተጫነ። ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። የት ላይ እንደቆመ አይጠይቁኝ። ቡና የምትቀዳው የባለቤቴ እህት ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ መንቀል አቅቷት፣ ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱን አጥለቀለቀው።

መብራት እንኳ አልጠፋም! ወጡ እሳት ላይ ሳለ የሚጠፋው፣ ሸሚዝ ሲተኮስ የሚጠፋው፣ ጨዋታው ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ሲደርስ የሚጠፋው መብራት ያን ለታ ብልጭ ሳይል አመሸ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲጠፋ ተሳልኩ።

እንዝጋው ስንል ደግሞ አማቴ እምቢ አሉ። «ተዉት» አሉ። «አንዴ ጀምረነዋል። መጨረሻቸውን ልይ።»

መጨረሻቸውን ለማየት ግን ማን ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤን እና ቾን የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች አሉ። ካሊፎርኒያ፣ ላጉና ቢች፣ ማሪዋና አብቃዮች ናቸው። አንዲት ልጅ ሁለቱም ይወዳሉ፣ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፣ ሦስቱም ደስተኞች ናቸው። ይህን ለአማት እንዴት እንደሚያስረዱ እርስዎ ላይ አልተጻፈም።

«ቅድም የነበረው ባሏ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ይኼስ?»

«ወንድሙ ነው። የባሏ ወንድም።»

ይህ ውሸት ብዙ አልኖረም። የባሏ ወንድም ልጅቷን አቅፎ ሳማት፤ አሳሳሙም የወንድም አልነበረም። አማቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ዋርሳዋን?» አሉ። ትንሽ አሰቡና ወደ ጋሼ ዞሩ። «ዋርሳ የሚወርሰው እኮ ባል ሲሞት ነው። ይኼ ባሏ በቁሙ እያየ!» ጋሼ መልስ አልሰጡም። ጋሼ ጣሪያውን ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ባለቤቴ በጆሮዬ «ማታ እንነጋገራለን» አለችኝ። ማታ ነበር።

የትርጉም ፊልም ቢሆን ኖሮ ተራኪው መላ አያጣም ነበር። ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ «ሦስቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው» ብሎ ያሳልፈን ነበር።

ይህም ሁሉ ሆኖ፣ ፊልሙ ፊልም ቢሆን እችለው ነበር። እርስዎ ስማቸውን የደረደሯቸው ሰዎች ምን ሲሠሩ እንዳመሹ ልንገርዎት። ዴል ቶሮ ፀጉሩን አጎፍሮ ሰው ይገርፋል፣ ያስፈራራል፣ ይሸምቃል፤ ስንት ነገር የሚችል ሰው። ትራቮልታ ሁለቱንም ወገን የሚሸጥ የፀረ ዕፅ መኮንን ነው፤ የሚጫወተው ግን ሌላ ፊልም ውስጥ ያለ ይመስላል፣ የእሱን ፊልም ባየነው ይሻለን ነበር። ሦስቱ ፍቅረኞች ቆንጆ ናቸው። የምጨምረው የለኝም። ላይቭሊ ታሪኩን ትተርካለች፤ ዓይናችን ያየውን ጆሯችን ድጋሚ ይሰማል።

ሳልማ ሃይክ ብቻዋን ሠርታለች። የካርቴሉ፣ ማለትም የሜክሲኮው ዕፅ አዘዋዋሪ ቡድን፣ አለቃ ኤሌና ናት። ያሳገተቻትን ልጅ ማዕድ አስቀርባ፣ እነዚህ ሁለቱ ካንቺ ይልቅ የሚዋደዱት እርስ በርሳቸው ነው፣ ባይሆንማ መቼ ይካፈሉሽ ነበር የሚል ነገር ትላታለች። በ131 ደቂቃ ውስጥ የሰማሁት ቁም ነገር ይኸው ነው። እሱንም አማቴ ቀድመው ብለውታል። «ጓደኝነታቸውን ነው የሚወዱት፤ ልጅቷ ምን በወጣት!»

ኡማ ተርማንም ነበረችበት። የልጅቷ እናት ሆና ተቀርጻ ነበር፤ ፊልሙ ረዘመ ተብሎ ሙሉ በሙሉ ተቆርጣ ወጣች። ከካስቱ ሁሉ ዕድለኛዋ እሷ ናት።

አማቴ መጨረሻውን ጠበቁ። መጣ። በረሃ ላይ ተኩስ ተከፈተ፣ ሦስቱም ተቃቅፈው ሞቱ። አማቴ አንጀታቸው አይችልም። የቅድሙን ሁሉ ይቅር ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ነፍስ ይማር። ምን ቢያጠፉ ልጆች ናቸው» አሉ። ጋሼም ከጣሪያው ወረድ ብለው «አሜን» አሉ። እኔም ቀና አልኩ። ይኸው፣ ቢያንስ አስለቀሰ።

ከዚያ ፊልሙ ወደ ኋላ ተጠቀለለ። ሙታኑ ተነሱ። ልጅቷ፣ ይህ እኔ በሐሳቤ ያየሁት ነው፣ የሆነው ግን ሌላ ነው ብላ እንደ አዲስ ጀመረች።

«አንተ! ምን ነካህ? ወደ ኋላ መለስከው?»

«እኔ አይደለሁም እማማ፣ ፊልሙ ራሱ ነው።»

«እኔ ነፍስ ይማር ካልኩ በኋላ?»

ሪሞቱን አሳየኋቸው። ባትሪው ገና አልተገኘም ነበር። ማንም አላመነኝም።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃኝ። ስማ፣ አንተ ፖስተር። ዶን ዊንስሎው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው መጽሐፍ የሚያልቀው በሞታቸው ነው። የስክሪፕቱ ጸሐፊዎች ውስጥ እሱ ራሱ አለበት። አንተና ጌቶችህ ግን ሞቱንም ፈለጋችሁ፣ ሦስቱም ተርፈው ባህር ዳርቻ የሚዝናኑበትንም መጨረሻ ፈለጋችሁ። እንባችንን ከተቀበላችሁ በኋላ ቀልዳችንን ነው አላችሁን።

አሌክስ የሚባል ሰው አለ። የካርቴሉ ጠበቃ ነው፣ ጻድቅ አይደለም። ግን ያልፈጸመውን ክህደት በሐሰት ማስረጃ ያሸከሙት እነዚሁ፣ ውደዷቸው የተባልናቸው ልጆች ናቸው። ሲገረፍ አስጠግታችሁ አሳያችሁን። ዓይኑ ሲሆን የሆነውን አስጠግታችሁ አሳያችሁን። ከዚያ በቁሙ ተቃጠለ፤ እሳቱን እንዲለኩስ የተገደደው ቤን ነው። ለማን እንዘን? ለቤን! ሰው ነዶ ዐመድ ሆኖ፣ እኛ የለኮሰው ልጅ ስሜቱ ተጎዳ ብለን እንድንጨነቅ! የኤሌና ልጅ ማግዳም ምን አደረገች? ተማሪ ናት። በእነዚሁ ልጆች ታገተች። ለፍቅር ሲባል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ጦሩን ካርቴሎቹ ላይ ካዘመተ ወዲህ፣ ይህ ፊልም እስኪወጣ ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ በ10 ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ያ የተቆረጠ ጭንቅላት እዚያ አገር እናት ነበረው። የሚፈልጉት፣ ያላገኙት፣ ሳይቀብሩት የቀሩ ነበሩ። እናንተ ለሦስት የባህር ዳር ቆንጆዎች ፍቅር ማድመቂያ አደረጋችሁት። የሚያርዱትም የሚታረዱትም ሜክሲካውያን፣ መጨረሻ ላይ አሸዋው ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ሌሎች። ደም ስለፈራሁ እንዳይመስልህ። ደም የበዛበት ጥሩ ፊልም አይቻለሁ። እዚያ ሰው ሲሞት የሞተው ሰው ነው።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ስሜታዊ ሆንኩ።

የከረሙ ቅሬታዎችም አሉኝ፤ ከዘመዶችዎ ጋር ነው። «ከእውነተኛ ታሪክ የተወሰደ» ይላሉ፣ ከማን እንደተወሰደ አይሉም። ዝናብ እየመታን ተሰልፈን፣ ትኬት ቆራጯን ከሻይ እስክትመለስ ጠብቀን፣ ኪሳችን ተበርብሮ ስንገባ፣ ፖስተሩን ግማሽ በግማሽ የሞላው ኮሜዲያን ዘበኛ ሆኖ አንዴ በር ከፍቶ ይሰናበተናል። አንዱ ላይ ሄሊኮፕተር ነበር። ፊልሙ ውስጥ ድምፁም የለም።

ወደ ካሳው ልመለስ። በማግስቱ አማቴ ለባለቤቴ ደውለው «ለመሆኑ ባልሽ ቀን ቀን የሚውለው የት ነው ያልሽኝ?» ብለዋል። ማምሻውን በሃይላንድ ጸበል ላኩ፤ ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዲረጭ። ፍላሹ ተወስዶብኛል። ለሚቀጥለው በዓል ፊልም የሚመርጠው የባለቤቴ ወንድም ነው፣ ያ ድምፁን ጎረቤት ያሰማው።

ስለዚህ መድኃኒት ላይ «ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» እንደሚባለው፣ እርስዎም ላይ «አማት ባለችበት አይከፈትም» የሚል በጉልህ ይጻፍ። ከየተዋናዩ ስም ጎን ምን ሲሠራ እንደሚያመሽ ይገለጽ፤ የሚገርፍ ከሆነ የሚገርፍ፣ ቆንጆ ብቻ ከሆነ ቆንጆ ብቻ ተብሎ። መጨረሻው ሁለት ከሆነ፣ ነፍስ ይማር የሚባለው የትኛው ላይ እንደሆነ ይጠቆም። ለእኔም ፊልሙን ወደ ኋላ የመለስኩት እኔ እንዳልሆንኩ የሚገልጽ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለአማቴ አድራሻ ይጻፍልኝ። ማኅተሙ ደብዝዟል ተብሎ እንዳይመለስብኝ አደራ።

ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አመልካች (ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ኡማ ተርማን፣ እንኳን ደስ አለዎት